ፊሽካ ያልተነፋለት በረኛ

«አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉልኝ ጋሼ... እንዲህ! ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ዛሬ ጠዋት እኮ ውሃው ራሱ ከምላጭ ብሶ እጅ ይቆርጥ ነበር...»

ፀጉር አስተካካዩን የሰፈሩ ሰው የሚጠራው «በረኛው» እያለ ነው። በጉርምስናው የሰፈሩን ቡድን በር ይጠብቅ ነበርና፤ ጠበቀ ከተባለ። አሁን ወንበሩ ላይ ያስቀመጣቸው ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ናቸው። ፊታቸው እስከ ዓይናቸው ሥር አረፋ ነው፤ መልስ ልስጥ ቢሉም አረፋ ከመዋጥ በቀር የሚያተርፉት የለም።

ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ፣ «አምበሉ» ጋዜጣ ዘርግቶ ተራውን ይጠብቃል። የዚያው ቡድን አምበል የነበረ፣ ከበረኛው ጋር በአንድ ሬዲዮ ጨዋታ እየሰማ ያደገ፣ ሁለቱም የሚደግፏቸው የኳስ ቡድን ቀዮቹ በተሸነፉ ቁጥር አብሮት አንገቱን ሲደፋ የኖረ ሰው ነው። አምና ቀዮቹ ወደ ታችኛው ሊግ ሲወርዱ ግን የተቀናቃኛቸውን ሰማያዊ ማልያ ገዛ። በረኛው ክረምቱን በወገብ ሕመም ተኝቶ ሲከርም ደግሞ፣ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሳይል፣ ማዶ በተከፈተው ፀጉር ቤት ይስተካከል ጀመር። ዛሬ ማዶው ዝግ ነው።

በረኛው በመስታወቱ ውስጥ ጋዜጣውን አየት አደረገና ምላጩን በፎጣ ጠረገ።

«የትናንቱን የኛን ጨዋታ አይተዋል? እንኳንም አላዩ! አዲሱ አሰልጣኝ ኳስ ከኋላ መሥርታችሁ ውጡ ይላል። ልጆቹ መሠረቱ፣ መሠረቱ... መውጣቱን ረሱት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የኛ ተከላካዮች አብረው አንዲት ኳስ ማሰር አቃታቸው። እኔስ ምን አፍ አለኝ? ከሞኝ በረኛ ደጃፍ ግብ ሲቆጠር የኖረው በኔ ዘመን አይደል? እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ‹ልጄ፣ ኳሱ አንተን አይፈልግህም፤ ዞር በልለትና ይለፍ› ትለኝ ነበር።

«ብልህ ሰው ግን አለ ጋሼ። አንድ የማውቀው... ስሙ ምን ያደርግልዎታል? ቡድኑ ሲወድቅ አብሮ አይወድቅም። ለምን ይውደቅ? የሚጎዳ ወገብ አለ! ሰማያዊውም እንዴት እንዳማረበት! ይሄ ሰው ምኑም አይጣል፤ በየትኛውም ፊቱ ያምራል። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ ተገልብጦ የሚለበስ ኮት ሰፍተው ያውቁ የለ? ለመሆኑ ስፌቱ የሚደበቀው በየትኛው በኩል ነው?»

ጋዜጣው አንድ ገጽ ተገለጠ። ወዲያው ያው ገጽ ተመልሶ ተገለጠ።

«እኔ እንደሆነ ስልት የሚባል አልፈጠረብኝም። ባለቤቴ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ቀዮቹን ከምትደግፍ ይሄን ግድግዳ ብትደግፍ ምናለ? እሱስ ቢያንስ አይወድቅም!› እውነቷን ነው...

«ድሮ ግን ጋሼ፣ አንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲወድቅ ባላጋራው እንኳ ኳሷን ወደ ውጭ ያወጣለት ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል ሰምቼ፣ እኔ ቂሉ ይሄን ክረምት አልጋዬ ላይ ሆኜ ምሳሩን እንኳ ስጠብቅ ከረምኩ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ‹እሱ ነው፣ ክፈቺለት› እላታለሁ። ወተት አምጪው ነው! መጨረሻ ላይ ስለ ቀዮቹ የማወራው ለወተት አምጪው ሆነ፤ ሰውየው ለካ ኳስ የሚባል አይወድም። ወዳጄስ ምን ያጥፋ? ዳኛው ፊሽካ አልነፋ፤ ጨዋታውን ቀጠለ። ሕጉ ይፈቅድለታል እኮ...»

በረኛው ምላጩን ከሽማግሌው ጉንጭ ላይ አንሥቶ እንደገና በፎጣ ጠረገ። ስለ ኳስ ሊያሾፍ ነበር የጀመረው፤ ስለ በሩ መንኳኳት ሊያወራ አልነበረም። በራሱ ላይ ግብ ያገባ ይመስል ፊቱ ቀላ፤ እንደ ምንም ላጭቶ ጨረሰ።

ልብስ ሰፊው ተነሡ። አምበሉ ጋዜጣውን አጠፈ፣ ወደ ውጭው በር አየ፣ ከዚያ እንደ ተቀጣ ተማሪ አቀርቅሮ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በረኛው ፎጣውን እንደ ድሮው ቀስ አድርጎ አንገቱ ላይ አሰረለት። ግራና ቀኙ የተበላለጠውን የጆሮ ግንዱን ፀጉር ሲያይ ግን አላስቻለውም፤ ኮታቸውን ወደሚደርቡት ሽማግሌ ዞረ።

«የማዶውን ጥበብ ይመልከቱልኝ! የግራ ክንፉ ለማጥቃት ወጥቷል፤ የቀኙ ለመከላከል ቀርቷል። ዘመናዊ አጨዋወት ነው፤ እኛ ኋላ ቀሮቹ አይገባንም...

«ሊሄዱ ነው ጋሼ? እንግዲያው አሜን እያሉ ይውጡ፤ ያንን ወዳጄን ልመርቀው። ክፉ አልመኝለትም። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ቡድኑ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ይደርድርለት፤ ፀጉሩም አይርገፍ። ምናልባት፣ አያድርግበትና፣ አንድ ቀን እሱም ወድቆ የተኛ እንደሆነ ደግሞ... እግዜር ልክ እንደ ራሱ ያለ ወዳጅ አያሳጣው።»