ለመታረድ የተሳፈረች ዶሮ

ከሸጎሌ ወደ ጳውሎስ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት አንገቷን የደፋች ዶሮ ታቅፋ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ወዴት ይዘሻት ነው ልጄ?»

«ወንድሜ ጋ አባባ፤ ሳትሞት እንዲያርድልኝ። ሌሎቹ ሌሊቱን አልቀው አደሩ።»

«ማን ሊበላት?»

«ልጆቼ ናቸዋ!»

«ተይ! የወፍ ጉንፋን ቢሆንስ? ስታርዷት፣ ላባዋን ስትነጩ ይጋባባችኋል።»

«ከግቢ ወጥታ አታውቅም እኮ! ከየት ታመጣዋለች?»

«ከሰማይ ነዋ። ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ወፍ ሳያመው ይዞት ይበራል፤ ኩሱ ጠብ ካለ ይበቃል።»

«በስመ አብ! ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ የእኔን ጓሮ አገኘው?»

«ከሰው አርቀሽ አስቀምጫትና ለእንስሳት ሐኪም ንገሪ። እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ።»

ስልኳን አወጣች። «ሄሎ ወንድሜ፣ ቢላዋውን መልሰው! ... ወራጅ አለ!»

እኔ ጳውሎስ እስክንደርስ ትንፋሼን ውጬ፣ በመስኮቱ ሰማዩን ስጠብቅ ሄድኩ።