አተላው ሲነሳ

የጠላ ወሬ ስታነሱ ነው ትዝ ያለኝ። ዓለም ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የፍሳሽ ማጣሪያውን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቆሻሻው ውሃ ገንዳ ውስጥ ጸጥ ሲል ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል፣ የጠለለው ከላይ ወደ ወንዙ ይፈሳል። ሰሞኑን ግን ጠዋት ጠዋት ዝቃጩ እየተነሳ ከውሃው ጋር ይወጣ ጀመር። ታች ያሉት ገበሬዎች «ከብቶቻችንን ምን እናጠጣ?» ብለው መጡብኝ። ምክንያቱን ስፈልግ ልብስ ማጠቢያ ቤት ደረስኩ፤ ለካ ያጠቡበትን ውሃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚለቁት።

የማጠቢያ ቤቱ ኃላፊ እትዬ አስካለ ቁጡ ናቸው። «እባክዎ፣ ቀስ እያላችሁ ልቀቁልኝ» ብላቸው፣ «ፍሳሽ ደግሞ ምን ቀስ ይባልለታል?» አሉኝ። እኔም፣ «እናቴ አገራችን ዘመሮ ላይ ለማኅበር ጠላ ስትጠምቅ ጋኑ አጠገብ መሮጥ ክልክል ነበር፤ አተላው ይነሳላ። ገንዳውም እንደዚያው ነው» አልኳቸው። «የመንዝ ልጅ ነህ ለካ» ብለው ወደ ሥራቸው ገቡ።

በማግስቱ ገንዳው ዳር ቆሜ ስጠብቅ ውሃው ቀጠን ብሎ መጣ፤ ዝቃጩም ካረፈበት አልተነሳም። በመስኮቱ በኩል እትዬ አስካለ አንዷን አጣቢ ሲቆጡ ሰማሁ፦ «ቀስ በይ፣ ጋኑን አታስደንግጪው።»

እናቴም እኛን ስትቆጣ የምትለው ይህንኑ ነበር፤ እኔ ግን ይህን አባባል ለእሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም። ካረፈች ወዲህ ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። ሳላስበው፣ እንደ ልጅነቴ በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ከገንዳው ዳር ራቅሁ።