የጉድጓዱ ማሽላና የተከራይዋ መርዝ

የምስክር ስም፦ አቶ ሙሐዲን ኑርዬ
ዕድሜ፦ 61
አድራሻ፦ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ አምባሰል መውጫ
ሥራ፦ ግብርና
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

«ከሠርጉ በፊት መርዙ መድረስ አለበት!» ይህን ዛሬ ጠዋት የሰማሁት ከጓሮ ክፍሌ ተከራይ ከወ/ሪት ኢቲሳም አብዱልከሪም ሲሆን፣ በስልክ ነበር የምታወራው። ሠርጉ የልጄ የራዚያ ነው፤ በሰፈሩ ሌላ ሠርግ የለም። መርዝ ሠሪ በመጽሐፍ እንጂ በአካል ገጥሞኝ ስለማያውቅ፣ ልቤ እየዘለለ ሳጅን ሽታውን በባጃጅ ይዤ መጣሁ።

በሩ ሲከፈት በጠርሙስ የተደረደረ፣ አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰ ማሽላ አገኘን። ልጅቱ አልካደችም። ለዩኒቨርሲቲ ጥናቷ ንጹሕ እህል ላይ ሻጋታ እያሳደገች የሚያወጣውን መርዝ እንደምትለካ፣ ክፍሉ ለሠርግ እንግዳ ስለሚፈለግም እንደቸኮለች አስረዳች።

«ጋሽ ሙሐዲን፣ ወላሂ የማመርተው ልለካው ነው!»

«የሚለካማ ሊሸጥ ነው» አልኳት።

ሳጅኑ ፊታችን ይለካ አሉ። እኔም ንጹሕ እህል ምን እንደሚመስል ይታይ ብዬ፣ ለድግሱ ካሰብኩት፣ በግቢዬ ጉድጓድ ካከማቸሁት ማሽላ አንድ እፍኝ አመጣሁና እንዲያሸቱት ሰጠኋቸው። እኛ ዘንድ የጉድጓድ ማሽላ ሽታ ከሌለው ገና ነው ይባላል። የእኔ ከአጥር ውጭ ይሸታል፤ በዚህም እመሰገናለሁ።

ሁለቱንም ለየብቻ ፈጭታ፣ በጥብጣ፣ አጥልላ ለመለኪያ መሣሪያዋ ሰጠች። የእሷ መርዝ ከምንም የማይቆጠር ሆነ፤ ሳጅኑም አዘኑላት። የእኔ ሲገባ መሣሪያው «ከመጠን በላይ» ብሎ ጻፈ።

«አልሐምዱሊላህ! ስንት ወር እምቢ ያለኝ መርዝ ለካ እዚሁ ግቢ ኖሯል!» ብላ ባለቤቴን አሲያን አቀፈቻት። አሲያም ነገሩ ሳይገባት እልል አለች።

«ሰው ቢበላውስ?» አሉ ሳጅኑ።

«ለዶሮም አይስጡት! ቀስ ብሎ ጉበት ነው የሚበላ።»

መርዝ መሥራት እንዳልቻለች በዓይኔ ስላየሁ ክሴን አንስቻለሁ። የድግሱ እህል ከገበያ እንዲገዛ አዝዣለሁ፤ የጉድጓዱንም ለጥናቷ ሰጥቻታለሁ።

ይህ ያየሁትና የሰማሁት ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ተነቦልኝ የእኔ ቃል በመሆኑ ፈርሜያለሁ። ሳጅኑ ጉድጓዱ መቼ እንደተከፈተ ስለጠየቁኝም፣ በረመዳን መግቢያ መከፈቱንና ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሌላ እህል አለመበላቱን አስመዝግቤያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ________
ቃሉን የተቀበለው ሳጅን ሽታው ________