ወይዘሮ ፐርፌክትና «መጣሁ»

ዛሬ የምንሸኛቸው መምህርት ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከስልክ ኦፕሬተር እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታቸው ከሥራ ሲገቡ የዋሉበትን እንግሊዝኛ ይዘውት ይገቡ ስለ ነበር፣ ሕፃኗ ፊደል ሳትቆጥር «ሆልድ ኦን» ማለት እንደ ቻለች ይነገራል። ትርጉሙ ግን «ዝም በል» ይመስላት ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው፣ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቀው፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ተመደቡ፤ ጡረታ እስኪወጡም ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም። ክፍላቸው ፎቅ ላይ ነበር። ከሥሩ ብየዳ ቤት ነበር። ብየዳው ሲጮህ ትምህርቱ ይቆማል፤ ጸጥ ሲል ከቆመበት ግሥ ይቀጥላል።

ሌላውንም ያስተምሩ ነበር፤ ስማቸው የተነሣው ግን በግሥና በጊዜ ነው። ተማሪዎቻቸው «ወይዘሮ ፐርፌክት» ይሏቸዋል። የማያውቅ ሰው ቀሚሳቸው ጭምድድ ብሎ ስለማያውቅ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ፕረዘንት ፐርፌክትን ሲያስረዱ፣ «ሄደ» የሚል ሰው ወሬ ነግሮኛል፣ «ሄዷል» የሚል ግን ባዶ ወንበር አሳይቶኛል ይሉ ነበር። አንድ ቀን ኃላፊ ጊዜ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁ፣ ከኋላ አንዱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ የሚገቡበት ሰዓት ነው አለ። «እሱማ ትንቢት ነው» ብለው ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

የዓመቱ የመጀመሪያ ትምህርታቸው አንድ ቃል ነበር። ሰሌዳው ላይ «መጣሁ» ብለው ይጽፋሉ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አይ ኬም» ብሎ ይተረጉማል። ከዚያ አንዱን ያስነሡና በሩን ከፍቶ እንዲወጣ፣ ሲወጣም ሁላችንም እንደምንለው «መጣሁ» እንዲል ያዙታል። ልጁ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ይቆማል። መጣ ወይ ብለው የቀረውን ክፍል ይጠይቃሉ። አልመጣም። እኛ ወጥተን ስንሄድ መጣሁ፣ ከአልጋ ሳንወርድ በስልክ ደረስኩ፣ በጤናችን ቁጭ ብለን ሞትኩልህ የምንል ሰዎች ነን፤ እንግሊዝኛ ግን በዱቤ አይሸጥም፣ መጀመሪያ ና፣ ከዚያ መጣሁ በል ይሏቸው ነበር። ሳቁ ሲደምቅ ኮሪደር ላይ የተረሳ ተማሪም ነበረ።

ባለቤታቸውን ያገኙት በዚሁ ክፍል ነው። ዴስኮቹን ሊጠግኑ የመጡት አናጢ «ነገ ይደርሳል» እያሉ ወራት ቢያስቆጥሩ፣ መምህርት ይህ «ነገ» የትኛው ጊዜ እንደ ሆነ ጠየቋቸው። የአናጢ ጊዜ ነው አሏቸው። ተጋቡ። ዴስኮቹ ከሠርጉ በኋላ ደረሱ።

ሦስት ልጆች ወለዱ። ትልቋ ነርስ ናት። ትንሹ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል። መካከለኛው ፍሪጅ ጠጋኝ ነው።

መካከለኛው ልጅ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ፍሪጅ ሳሎን መሐል ፈትቶ፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ፣ ሽቦ ሊገዛ ወጣ። እናቱ ዕቃ እያጠቡ ነበር።

«መጣሁ፣ እማ» አላቸው።

አልመጣም።

ሱቁ ማዶ ነው፤ ከደጃፋቸው ይታያል። ባለ ሱቁ ልጁን አላየሁትም አለ። ሆስፒታሎች ተጠየቁ፤ አባትየው ሬሳ ክፍል እየገቡ ወጡ። ፖሊስ ጣቢያ ቃላቸውን የተቀበለው መርማሪ ሲወጣ ምን አለ ብሎ ጠየቃቸው፤ መጣሁ ነው ያለው አሉት፤ ጻፈው። መርማሪው ዓረፍተ ነገሩ ላይ ምንም እንከን አልታየውም። መምህርት ግን ጽሑፉ ተነቦላቸው ፈርሙ ሲባሉ እስክሪብቶውን ይዘው ብዙ ቆዩ። ፍሪጁን ሌላ ጠጋኝ መጥቶ ገጠመው፤ ጎረቤትየው ወሰዱት። ሳሎኑ ወለል ላይ የዘይት ምልክት ቀረ።

ሥራቸውን አላቋረጡም። የመስከረሙን ትምህርት ግን ዘለሉት። በፈተና ላይ ወጥቶ የሚሄድ ሰው «መጣሁ» የሚለውን ተርጉሙ የሚለው የተለመደ ጥያቄ ሲመጣና ግማሹ ክፍል «አይ ኬም» ብሎ ሲመልስ፣ ለሁሉም ራይት ሰጡ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የራሳቸው ተማሪ የነበረ፣ ኮሪደሩ ላይም የቆመ ሰው ነው። ወረቀቶቹን ይዞ መጥቶ፣ ቲቸር ይሄ እኮ ስሕተት ነው፣ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት አላቸው።

«መጣሁ ያለው ሰው ይመለስና ስሕተት ነው ይበለኝ» አሉት። «እስከዚያ ኤክስ አላደርግበትም።»

ኃላፊው ውጤቱን እንዳለ አስገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጥያቄውን ከፈተናው አወጣው።

ዘመድ ወዳጅ፣ እርምን ማውጣት ይሻላል፣ ልቅሶ እንቀመጥ እያለ ብዙ ጊዜ መጥቷል። መምህርት አስተናግደው ሸኝተዋል። አንድ ጊዜ አባትየው እራት ላይ የልጁ እጅ ለፍሪጅ የተባረከ ነበር አሉ። «ነው» አሉ መምህርት። እራቱ ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ስለ እሱ «ነበር» የሚል ቃል አልተሰማም። አባትየው ግን መጋዙ ሲጮህ ለብቻቸው እንዲያ ይሉ እንደ ነበር አብረዋቸው የሚሠሩ አናጢዎች ያውቃሉ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ኩላሊታቸው ደከመ። ወደ እጥበት ክፍሉ ሲመላለሱ፣ ከማሽኑ አጠገብ ተኝተው የነርሶቹን እንግሊዝኛ ሲያርሙ፣ ነርሶቹም ሲታረሙ ቆዩ። አዲስ ሐኪም መጥቶ ስንት ልጆች አሉዎት ባላቸው ጊዜ፣ ሦስት አሉኝ አሉት። ነርስ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አረፉ። የመጨረሻ ቃላቸውን የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። «መስኮቱን ዝጉት» ነው። ተዘጋ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ቤተሰቡ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ መምህርት ትተዋቸው የሄዱት ልጆች የሚዘረዘሩበት ላይ። ትንሹ ልጅ ሁለት ብቻ ይባል፣ ሦስት ካልን ሰው ይቆጥራል፣ ከዚያ ጥያቄው አያልቅም አለ። ትልቋ ደግሞ፣ አንድ ልጃቸው ቀድሟቸው አልፏል ተብሎ ይግባ፣ እማ አሁን አትሰማም፣ እኛም አንዴ አልቅሰን ይውጣልን አለች። ክፉ አልተናገረችም። እናቷን ላለማስከፋት ዓመታት የዋጠችው ልቅሶ አለባት። ሁለቱም ወደ አባታቸው ዞሩ። አባትየው ጣታቸው ላይ የደረቀውን ኮላ እየላጡ መለሱ።

«እኔ ተደብቄያት አልቅሼዋለሁ። በሷ ቀብር ላይ ግን አልቀብረውም። እሷ እንደምትለው ይነበብ።»

ትልቋ ልጅ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ የሚቀጥለውን በእጇ ጻፈችው።

መምህርት ባለቤታቸውን አናጢውን፣ ነርስ ልጃቸውን፣ ፍሪጅ ጠጋኝ ልጃቸውን፣ ፋርማሲ የሚሠራ ልጃቸውን፣ ከትልቋ የተወለዱ የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ ታናሽ ወንድማቸውንና ዛሬ ከኋላ የቆማችሁትን ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው ብርታቱን፣ ለሦስቱም ልጆቻቸው በያሉበት መጽናናቱን ይስጥ። እናቱ ማረፋቸውን ላልሰማውም፣ በሚሰማበት ቀን አጠገቡ ሰው አያሳጣው።