በክርስትና ስሟ ብቻ

ወይዘሮ እንዳለች በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ እየሄዱ የሳንባ መድኃኒታቸውን ነርስ ፊት ይውጣሉ። ዛሬ ተረኛዋ ሲስተር ዘኪያ ናት። አጠገቧ ባለው ጠረጴዛ ሌላ ነርስ ካርድ ትደረድራለች። እንዳለች ለሁለቱም እንደምን አደራችሁ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ዘኪያ አዙረው ተቀመጡ።

«ከጠመንጃ ያዥ እስከዚህ ታክሲ ጠፍቶ በእግሬ መጣሁ እልሻለሁ። ደግነቱ ደመና ነው። ልጆችሽ ደኅና ናቸው? ጉንፋኑ ለቀቃቸው?... ተመስገን። ውኃውን ሞላ አድርጊልኝ እስቲ።»

ክኒኑን አንድ በአንድ ዋጡ። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ።

«ደግ ሰው ጠፋ የሚሉት ውሸታቸውን ነው። እኔ አንዲት አውቃለሁ። ማን እንደሆነች አልነግርሽም፤ መመስገን አትወድም... እዚሁ አግዳሚው ላይ ግፊቷን ልትለካ የተቀመጠች ታማሚ፣ አንዲት ሴት ስትወጣ ከኋላዋ አይታ ‹ያቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?› ብላ ጠየቀቻት። ሌላ ነርስ ብትሆን ‹የሷን ለሷ ተዪላት፣ ያንቺን ንገሪኝ› ብላ ታሳፍራት አልነበር? እሷ ሰው ማሳፈር የት ታውቃለች! ‹ስም መጥራት ክልክል ነው› አለቻት። ሕጉንማ ጥንቅቅ አድርጋ ነው የምታውቀው። ‹በጸሎት ብቻ አስቢያት። ሳንባዋን ነው። ወለተሰንበት በያት።›

«አንቺ ሙስሊም ነሽና ላታውቂው ትችያለሽ፤ ወለተሰንበት የክርስትና ስሜ ነው። ካርዳችሁ ላይ የለም። እኔው ነኝ የነገርኳት፣ የታመምኩ ሰሞን፣ ስትጸልዪ አስቢኝ ብዬ። አደራዬን ብቻዋን አልበላችም... አካፈለች እንጂ።

«ጠያቂዋ ለካ የልደታ ማኅበራችን ሰው ናት። እኛ ማኅበር ደግሞ ሁላችንም የተጻፍነው በክርስትና ስማችን ነው። ይህን እሷ በምን ታውቃለች? ስሙን የቀየረች መስሏት ነው፤ የዋህ ናት።

«ጸሎቱ ደርሷል፣ አልዋሽሽም። በልደታ ዕለት ቄሱ ተነስተው ‹ወለተሰንበትን ከሳንባዋ ይማርልን› አሉ። አርባ ሰው አሜን አለ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬ የጠጣሁት ጽዋ እየዞረ መጥቶ እኔን ዘለለኝ። ለእኔ ለብቻዬ አንዴ ተጠጥቶ የሚጣል ብርጭቆ ተገዝቶልኛል። እንዲህ ተከብሬ አላውቅም! አክታዬ ንጹሕ ነው፣ ለሰው አይተላለፍም ያላችሁኝን ብነግራቸው ‹እሱማ ነው› እያሉ ወንበራቸውን ሸሸት አደረጉ። የግንቦት ልደታ ድግስ የእኔ ተራ ነበር። ‹አንቺ እረፊ› ተባልኩ። እስከ መቼ እንደሆነ የነገረኝ የለም... ታዲያ ይህን ሁሉ ዕረፍት ያመጣልኝ ማን ነው?»

የካርዱ ድርደራ ቆሟል። እንዳለች ወደዚያ አልዞሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ቂም አልይዝም። ስጸልይ እኔም በክርስትና ስሟ አስባታለሁ። ያኔ እሷም ነግራኛለች... ለማንም አልተናገርኩትም እንጂ።»

እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ዕድሜና ጤና ይስጣት። ሰው ናትና አንድ ቀን ቢያማት እንኳ፣ አምላኬ ክፉ እጅ ላይ አይጣላት። ልክ እንደ ራሷ ያለች ነርስ ይዘዝላት... አሜን በይ እንጂ፣ ዘኪያ።»