ለሁለት የተከፈለው ሰርቨር

ሶዶ ውስጥ በኮምፒውተር ባለሙያነት በምሠራበት ኮሌጅ የሁሉንም ክፍል ሥራ የሚያስኬደው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ አንድ ብቻ ነው። የሬጅስትራር ኃላፊዋ ወይዘሮ አልማዝና የፈተና ክፍሉ አቶ ማቴዎስ በእሱ የተነሳ ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል፤ የአንዱ ሥራ ሲጨናነቅ የሌላውም ይቆማላ! በመጨረሻ ሰርቨሩን በሶፍትዌር ለሁለት ከፍዬ ለየብቻ ሰጠኋቸው። ወይዘሮ አልማዝ ማሽኑን ዞረው አዩትና "ያው አንድ ሳጥን አይደለም እንዴ? የእኔ የቱ ጋ ነው?" አሉኝ።
"የተከፈለው ውስጡ ነው። የእሳቸው ቢቆም የእርስዎን አይነካም።"

ውጤት በሚለቀቅበት ዕለት የአቶ ማቴዎስ ድርሻ ሚሞሪ አንሶት ቀጥ አለ። ላየው ወደ ፈተና ክፍል ስገባ ተማሪዎች በሩን ሞልተውታል። የወይዘሮ አልማዝ ግን እንደ ልቡ ይሠራል። አሁን ወይዘሮዋ በአቶ ማቴዎስ ሊስቁ ነው ብዬ ስፈራ፣ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።
"ልጄ፣ የእኔን አጥፋና ሚሞሪውን ለሰውዬው ስጠው። የእኔ ሥራ ነገም ይደርሳል፤ እነዚህ ልጆች ግን ውጤታቸውን ሳያዩ እንዴት ያድራሉ?"
እንዳሉኝ አደረግኩ፤ ውጤቱም ወጣ። አቶ ማቴዎስ ከወንበራቸው ተነሱ። ወደ ወይዘሮ አልማዝ ሄዱና በወላይትኛ "እህቴ" ብቻ አሏቸው። እኔ እንባዬ እንዳይታይብኝ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ።