አራተኛው ቅጠል

ቬላማል ከወፍጮ ቤት የሩዝ ዱቄቷን ይዛ ስትመለስ ምራቷን ያዢኒን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘቻት። ልጅቷ ካገባች ገና አሥረኛ ቀኗ ነው። ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋለች።

«ወዴት ነው?»

«ቼናይ፣ እናቴ ቤት።»

«በአንድ የሙዝ ቅጠል? እናንተ የከተማ ልጆች ለኩርፊያ ምክንያት አታጡም!»

«ቅጠሉማ ምን አደረገኝ፣ እማማ? ልጅዎ ምግብ በቀረበለት ቅጠል ላይ በልቶ ሲነሳ፣ በዚያው ቅጠል ከተወው ብዪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ዘጠኝ ቀን ቻልኩት። ያውም እሱ ሳምንቱን ሙሉ ሳል ይዞት! አንድ ቀን እንኳ ተይ አላለኝም።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት በባሌ ቅጠል በላሁ። ሞትኩ?»

«አልሞቱም። ሳይቀዘቅዝ የበሉበት ቀን ግን አለ?»

ቬላማል ልትስቅ አስባ ተወችው። ዱቄቱን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ባል ሚስቱን ሲወድ የዓሣውን መሃል ሳይነካ ይተውላታል። የኛ ፍቅር እንደዚያ ነው።»

«ደስ ይላል። ታዲያ በንጹሕ ቅጠል ቢያቀርብላት ፍቅሩ ይቀንሳል? ሲቆጣስ ምን ይተውላታል?»

ቬላማል መልሱን ታውቀዋለች፤ ለማንም ግን ተናግራው አታውቅም። ልጇን ኢላንጎን አርግዛ ሳለች፣ በአንድ ተራ ጭቅጭቅ ባሏ ስድስት ቀን አጥንት ብቻ ተወላት። እሷም አማቷ እንዳትሰማ ጠግቤያለሁ እያለች አጥንቱን መጠጠች። ያን ጊዜ ያፈረችው በራሷ ነበር። አሁን ፊቷን ያጋለው ግን ያንኑ ቅጠል ለሰው ልጅ ማቅረቧ ነው።

«አጥንት» አለች መንገድ መንገዱን እያየች።

ልማድ የምንለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ አንዷ በድብቅ ያፈረችበትን ሌላዋ በግድ ትደግመዋለች።

«ተነሺ ልጄ። አውቶቡሱ ይለፍ።»

«ነገም ያው ከሆነስ?»

«ቅጠል የምቆርጠው እኔ አይደለሁ? ማን ይከለክለኛል!»

ምሳ ላይ አራት ቅጠል ዘረጋች። ባሏ ቆጠረና «እንግዳ አለ እንዴ?» አለ።

«የለም። እኔም ልበላ ነው።»

ኢላንጎ ለሚስቱ በገዛ እጁ ሩዝ አቀረበላት። «መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት የአንዱ ሳል በምግብ ወደ ሌላው አይሻገርም። ሴት የምትበላውን የሚወስነውም የባሏ ኩርፊያ ሳይሆን የራሷ ረሃብ ነው።

ቬላማል ግን በባሏ ፊት ስታኝክ ያ ምሳ የመጀመሪያዋ ነበር። በጣም አፈረች። ቢሆንም እስክትጠግብ በላች።